በአባቴ ገመድ ቤት ስለ ኒውትሮን

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ትምህርቴ ሊያልቅ ሲል የትምህርት ክፍል ምርጫ ደረሰ። እኔ ፊዚክስ ፈለግሁ፣ አባቴ ፋርማሲ። እሱ ወረታ ገበያ ዳር ገመድና ጆንያ ይሸጣል። ሳይመርቀኝ ምርጫውን መሙላት አልሆነልኝም።

ለዕረፍት ቤት ስመጣ ፊዚክስን ያስወደደኝን ነገር ላስረዳው ሞከርኩ፤ የቃጫና የጥጥ ውስጣዊ አሠራር ኒውትሮን በሚባሉ የአቶም ቅንጣቶች ጨረር እንዴት እንደሚጠና። አላስጨረሰኝም።

«እኔ አባትሽ ነኝ፤ ያልሽው ሁሉ ደስ ይለኛል። ቀድሞ ለሚገባ ደንበኛ ንገሪ። ሰምቶ ከጨረሰ ፊዚክስ፣ ጥሎሽ ከወጣ ፋርማሲ» አለኝ።

እኛን ልጆቹን ገመድ መሸጥ ያስተማረንም እንዲሁ ነበር፤ ደንበኛ ፊት አቁሞን ራሱ ዘወር ይላል።

ከፎገራ ሜዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገቡ። የክረምቱ ውሃ ሜዳውን ሳይሞላው ከብቶቻቸውን የሚያወጡበት ገመድ ፈልገው ነው። አባቴ ወንበር አቀረበላቸውና ከጆንያዎቹ ኋላ ሄደ።

መምህራችን እንዳስተማሩን ከዲፍራክሽን፣ ከጨረር መታጠፍ፣ ትርጉም ጀመርኩ። ሽማግሌው ወደ በሩ ማየት ጀመሩ። የቃጫ ገመድ አነሳሁና እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ረጃጅም ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ከሚያያይዟቸው አንዷ ሃይድሮጅን የምትባል ደቃቅ ነገር ናት፤ ኤክስሬይ እሷን ለማየት ይቸገራል፣ ኒውትሮን ግን ያገኛታል አልኳቸው። ከባድ መንትያ አላት፤ መንትያዋ ያለችበት ውሃ ከባድ ውሃ ይባላል። ቃጫው እዚያ ሲነከር አንዳንዷ ሃይድሮጅን ቦታዋን ለመንትያዋ ትለቃለች።

«አባባ፣ ጥቁሯን ጊደር ፈትተው ነጯን እዚያው ካስማ ላይ ቢያስሩ፣ ከሩቅ ሆነው የተለወጠችው የት እንደነበረች አያውቁም? በኒውትሮንም ከመነከሩ በፊትና በኋላ አይተን እናወዳድራለን።»

ሽማግሌው ገመዱን ተቀብለው ጎተት ጎተት አደረጉት።

«ይኸ ኒውትሮን ገመዱን አይበጥሰውም?»

«አይበጥሰውም።»

«እንግዲያ ቀጥይ።»

ጨረስኩ። ገመዳቸውን ገዝተው መርቀውኝ ሄዱ። አባቴ ግን ፍርዱን ሳይነግረኝ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት ወጣ።

ሲመለስ አንድ የሩዝ ነጋዴ ጆንያ ሊገዛ መጣ። መደርደሪያውን እየጠራረግሁ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። በገመዱ ውስጥ ኤክስሬይ የማያያት ነገር እንዳለች እየነገረው ነው። ከባዱን ውሃ የርብ ወንዝ ጎርፍ አደረገው። ስህተቱን ላርም ወደ እነሱ አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

«ልጄ ልታያት ነው» አለ። «ፊዚክስ ገብታለች።»

ምርጫውን ገና አልሞላሁም ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ልሞላው ስልኬን አወጣሁ።