ከአየር የሚሠራው ቤንዚን

ያን ሳምንት መቀመጫ አጥቼ ነበር። ባሌ እዚህ እስራኤል ሙሳኽ፣ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የመኪና ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው። ዕብራይስጥ ማንበብ አይሆንለትም፤ የመኪናን ሕመም የሚያውቀው በጆሮው ነው። አለቃው ታዲያ፣ «ከእንግዲህ የሚመጣው ኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ የሥልጠና ኩርስ ካልገባህ ቦታ የለህም» ብሎ ፎርም ሰጠው። ምዝገባው ሐሙስ ይዘጋል። እሱ እቴ! «ድምፅ የሌላትን መኪና ምኗን ሰምቼ ልጠግናት?» ብሎ ፎርሙን ወዲያ ወረወረው።

ከዚያ ስልኩ ላይ ከአየርና ከውሃ ቤንዚን ይሠራል የሚል ነገር አየ። «አንቺ የምታጸጂበት ላቦራቶሪ አይደል እንዴ የሚሠሩት? ጠይቂልኝ እንጂ!» እያለ ነዘነዘኝ።

ረቡዕ መጥረጊያዬን አቁሜ ተመራማሪዋን ጠየቅኋት። ልጅት ደስ አላት፤ ውሃ የመሰለ ነገር በጠርሙስ አሳየችኝ። ካርቦኑን ከአየር፣ ሃይድሮጅኑን ከውሃ ወስደው በኤሌክትሪክ ኃይል ያዋህዱታል። ሲነድ የሚወጣው ካርቦን መጀመሪያውኑ ከአየር የተወሰደ ስለሆነ አዲስ የሚጨምረው የለም አለችኝ።

«አሁን ባለው ሞተር ይሠራል?»

«እንዴታ!»

እልል ልል ነበር። «ታዲያ ማደያ መቼ ይገባል?» ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ያንኑ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ለኤሌክትሪክ መኪና ብትሰጪው ብዙ እጥፍ ርቀት ይወስድሻል፤ ውድ ነው፤ ቢገኝም ቅድሚያ የሚሰጠው ለአውሮፕላን ነው አለችኝ። ምነው ባልጠየቅኋት!

አውቶቡሱ ውስጥ አላስቀምጥ አለኝ። ሰፈራችን ሽኩና ሄ ሳልደርስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩና በእግሬ ገባሁ። ባሌ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እህሳ?»

«ባለው ሞተር ይሠራል አለች» አልኩት። የቀረውን ዋጥኩት።

«እሰይ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እያፏጨ ሰላጣ መክተፍ ጀመረ። እኔ ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና በረንዳ እመላለሳለሁ። አንቺ ውሸታም፣ ነገ ምዝገባው ሲዘጋ ምን ልትዪው ነው? አልቻልኩም። ቢላውን ከእጁ ወስጄ የቀረውን ሁሉ ነገርኩት።

ሰላጣውን ወዲያ ገፋው። «እስከ ነገ በደስታዬ ብትተይኝ ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ነገማ ይዘጋል!» ብዬ ጮህኩበት፤ እንባዬ መጣ። ፎርሙን አምጥቼ ስሙን በዕብራይስጥ ጻፍኩለት። መፈረሚያው ጋ ስደርስ ብዕሩን ሰጠሁት።

ብዕሩን ይዞ ወረቀቱን ትንሽ አየውና፣ «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አለኝ።