ከሞጣ የመጣው ሬዲዮ

ባለቤቴን ያገባኋት በደርግ ጊዜ ቢቸና ነው። እሷ ከሞጣ ተዛውራ የመጣች አስተማሪ፣ እኔ ደግሞ ከገበያው ዳር በአንዲት ጠባብ ክፍል ሬዲዮና የእጅ ሰዓት የምጠግን ሰው ነበርሁ። ከእኔ በፊት ሞጣ ላይ ባል እንደነበራት፣ ልጅ ሳይወልዱ በሽማግሌ ፊት በሰላም እንደተለያዩ ገና ሳልጠይቃት ነግራኛለች። «ያለፈው አለፈ» አልኋት። አፌ ነው እንዲያ ያለው።

ዕቃዋን ይዛ ቤቴ ስትገባ ከልብሷና ከመጻሕፍቷ ሌላ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ መጣች። ሲፈታ የእንጨት ሬዲዮ ሆነ። ፊቱ ላይ ያለው ጨርቅ ተቀዷል፣ መስተዋቱ ተሰንጥቋል። እኔ እስከዚያ ቀን ብዙ ሬዲዮ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ ይህን የመሰለ ግን አይቼ አላውቅም።

«ይሠራል?» አልኋት።

«አይሠራም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

«ተወው፤ እዚያ ይቀመጥ።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ስትጠርግ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች። ሌላ ምንም አታደርገውም። እኔም ባልሰማ ኖሮ ምንም ባላልሁ ነበር።

አንድ ቀን አንድ የሞጣ ሰው ሰዓት ሊያሠራ መጣ። የማን ባል እንደሆንሁ ሲያውቅ እየሳቀ እንዲህ አለኝ፦ «ሲለያዩ ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ዕቃ አንድ ነገር ምረጪ አሏት። የምትታለብ ላም ቆማ ሳለች ሬዲዮውን መረጠች! ያውም ድምፅ የሌለውን! አገር ጉድ አለ።»

ሰዓቱን ጠግኜ ሰጠሁት፤ ሳቁ ግን ከእኔው ጋር ቀረ። ላም ትቶ የሞተ ሬዲዮ የሚመርጥ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ከዚያ ወዲያ ያ ሣጥን ቤቴ ውስጥ እንደ ሦስተኛ ሰው ሆነብኝ። ምሳ ስንበላ አየዋለሁ፤ እሷ ቀና ስትል እሱን ያየች ይመስለኛል።

በአገራችን ሴት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ «እሱ» ትላለች። ሰውም ማን እንደሆነ ያውቀዋል። ባለቤቴ የተማረች ስለሆነች እኔን በስሜ ትጠራኛለች፤ ይህን እንደ ፍቅር ቆጥሬው ነበር። አንድ ቀን እንደ ዘበት «ይህ ሬዲዮ በኤሌክትሪክ ነው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው?» ስላት ደብተር ከማረም ቀና ሳትል «እኔ እንጃ፤ እሱ ነው የሚያውቀው» አለችኝ። እሱ! ለካ በቤቴ «እሱ» የሚባለው ሌላ ሰው ኖሯል።

ሬዲዮውን ልጠግነው የቆረጥሁት ያን ጊዜ ነው። ከጠገንሁት የእኔ እጅ ሥራ ይሆናል፣ የሞጣው የቀድሞ ባሏ ነገርም አብሮ ያልቃል ብዬ ነበር። ልውሰደው ስላት ትከሻዋን ሰበቀች። «እንደ ወደድህ» አለች።

ሱቄ ወስጄ ጀርባውን ከፈትሁት። አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች። የሠሪው ስም የተጻፈበት ብረት ተነቅሎ የምስማሩ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። መስተዋቱ ላይ የባዕድ አገር ከተሞች ስም ተደርድሯል፤ ሬዲዮው ግን የየትኛው አገር እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። በውስጡ አውራ ጣት የሚያካክሉ የመስተዋት አምፖሎች ቆመዋል። እኔ ደብረ ማርቆስ ሥራ የተማርሁት በትንንሾቹ የእጅ ሬዲዮዎች ነው፤ ባለ አምፖሉን ያስተማረኝ ጌታዬ ሲነካካ ከጎን ሆኜ ከማየት በቀር አልሠራሁትም።

አንዱን አምፖል ነቅዬ አየሁት፤ ጽሑፉ ተፍቋል። ልወለውለው እፍ ስልበት በትንፋሼ እርጥበት ላይ ቁጥር ብቅ አለ፤ ወዲያው ጠፋ። ደግሜ እፍ አልሁ። በአንድ የሚጀምር ቁጥር ነበር። ጌታዬ ደብረ ማርቆስ ሳለሁ «በአንድ የሚጀምር አምፖል አንዲት ድንጋይ ታሞቀዋለች፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ካገናኘኸው ግን አለቀለት» ይል እንደነበር ትዝ አለኝ። እንግዲያው ሬዲዮው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው። አምፖሉን ለማሞቅ አንድ ድንጋይ ይበቃል፤ ድምፁን ለማውጣት ግን ሌላ ብርቱ ባትሪ ይፈልጋል። ምን ያህል ብርቱ? አላውቅም። ካነሰ አይናገርም፤ ከበዛ ወይም ሽቦው ከተሳሳተ አምፖሎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይቃጠላሉ። እንዲህ ያለ አምፖል ደግሞ በዚያ ዘመን እንኳን ቢቸና አዲስ አበባም አይገኝም።

የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ለባለቤቴ ዕቃ ልገዛ ሞጣ እሄዳለሁ አልኋት። አየት አደረገችኝና «እሺ» አለች። ማን ጋ እንደምሄድ ገብቷት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ አድርጌ ሞጣ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የዚያን ሰው መልክ ስሥል ነበር። መልከ ጥፉ እንዲሆን ተመኘሁ፤ መልከ ጥፉ ከሆነ ግን በምን ወደደችው ብዬ ደግሞ እሱም አስፈራኝ። ስደርስ ማርና ሰም የሚነግድ፣ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ሆነ። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ጥቂት ተምሮ እንደተወ ንግግሩ ያስታውቃል። ማን እንደሆንሁ ስነግረው ከመቀመጫው ተነሣ።

«አንተ ነህ? ግባ ወንድሜ፣ ግባ።» ብርዝ ቀዳልኝ።

«ያን ሬዲዮ ልጠግን ብዬ ነው» አልሁት። «ስሙ ጠፍቷል። ምን ዓይነት ባትሪ ይጎርስ እንደነበር ቢነግሩኝ ብዬ መጣሁ።»

ፊቱ በራ። «አለች እንዴ? ደህና ናት?»

ስለ ማን እንደጠየቀኝ ግራ ገባኝ። «ደህና ናት» አልሁ።

«ምንም አልሆነችም እኮ። እኔ ዘንድ ዝም ያለችው የሚመግባት አጥታ ነው። የሚያውቅባት ካገኘች ትናገራለች።»

ብርዙን አስቀመጥሁ። ስለ ሬዲዮው ነው? ወይስ የቅኔ ቤት ሰው ነውና ሬዲዮውን ሰም፣ ሚስቴን ወርቅ አድርጎ ሊነግረኝ ነው? ፊቱን አየሁ፤ ምንም አይነበብበትም። ስለ እሷ፣ ስለ ጤንነቷ፣ ስለ ሥራዋ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀም። የጠየቀኝ ስለ ጨርቁ፣ ስለ መስተዋቱ፣ ስለ መዘውሩ ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ስለ እሷ ተናደድሁ፤ እንዴት ያቺን የመሰለች ሰው ረስቶ ስለ እንጨት ይጠይቃል? ኋላ ደግሞ፣ ሰው የማይጠይቀው የሚያመውን ነገር ነው ብዬ ጠረጠርሁ። ቅናት እንዲህ ነው፤ ቢጠይቅም ባይጠይቅም ያው ነው።

ወደ ጓዳ ገብቶ የካርቶን ሣጥን ይዞ ወጣ። ውስጡ ያለውን የሰም እንጎቻ እያወጣ መሬት ላይ ደረደረና ባዶውን ሰጠኝ። የመጨረሻው ባትሪ የመጣበት ካርቶን ነበር። ዘጠና ቮልት የሚል ቁጥር፣ አጠገቡ አንድ ተኩል የሚል ቁጥር አለበት፤ የሬዲዮው አራት ሽቦዎች የሚገቡበት ቀዳዳም ከነቦታው ተሥሏል። የምፈልገው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር።

«አባቴ ነው ያመጣት» አለኝ። «ባትሪው እየተሸጠ ሳለ እኔ ከሥሯ አልነሣም ነበር። ሽማግሌዎቹ ምረጪ ሲሏት ለምን እሷን እንደመረጠች ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ለእኔ እንዳትቀር ነው። ጆሮዬን ተክዬ ስሰማ ስታዋራኝ ዝም በይ እላት ነበር። አንድ ቀን ‹እኔንስ መቼ ነው እንዲህ የምትሰማኝ?› አለችኝ። ሳቅሁ። ያን ጊዜ ባልስቅ ይሻል ነበር።»

አመስግኜው ወጣሁ። ስመለስ ልቤ ቀልሎኝ ነበር። ለካ ሬዲዮውን የወሰደችው ልትጎዳው ነው እንጂ ልታስታውሰው አይደለም! ደስታዬ ግን ከደብረ ወርቅ አላለፈም። እዚያ መኪናው ቆሞ ሰው ሲሳፈር አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ የማይፈልጉትን ሰው ጆሮ ማን ይቀናበታል? ጆሮውን ባትፈልገው ኖሮ በሬዲዮው ለምን ትቀና ነበር? ቢቸና ስገባ ቅናቱ ከሄድሁበት ጊዜ ይልቅ ብሶብኝ ነበር።

ሥራውን በእልህ ያዝሁት። አንዱ ድንጋይ አንድ ተኩል ቮልት ነውና ዘጠና ለማድረስ ስልሳ የባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል። አዲስ ድንጋይ በዚያ ዘመን እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ ያለቀውን ለቀምሁ። የእጅ ባትሪ ማብራት ያቃተው ድንጋይ ለዚህ ሥራ ጥቂት ጉልበት ይቀረዋል። ከባለ ሱቆች፣ ከቀበሌ ጥበቃዎች እየለመንሁ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የጥበቃዎቹ አለቃ ሽቦ ያለበት የድንጋይ ክምር አይቶ «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ፈንጂ መስሎት ደነገጠ፤ ሬዲዮውን ከፍቼ እስካሳየው አልሄደም። ድንጋዮቹን በተሰነጠቀ ቀርከሃ ውስጥ ደረደርኋቸው። ኮንደንሰር የሚባሉትን ትንንሽ ዕቃዎች ተበላሽተው ነበርና ከአሮጌ ሬዲዮ በነቀልኋቸው ለወጥሁ፤ የተቀደደውን ድምፅ ማጉያ በስስ ወረቀትና በሙጫ ለጠፍሁ። አራቱን ሽቦዎች በመለኪያዬ፣ በቴስተሩ፣ አንድ በአንድ ተከትዬ የትኛው ወደ አምፖሉ እግር እንደሚገባ እስካረጋግጥ ድረስ ምንም አላገናኘሁም።

መጨረሻው ላይ ቤት ወስጄ ነበር የምሠራው። አንድ ከሰዓት በኋላ የመበየጃውን ብረት ከሰል ላይ እያጋልሁ ሳለ ባለቤቴ ስለ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አንድ ነገር ትነግረኝ ጀመር።

«ዝም በይ እስቲ፤ እጄን እንዳታሳስቺኝ» አልኋት።

ቀና ብል ቆማ ታየኛለች።

«አንተም ጀመርህ» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ ድካም ነው ያለበት። ደብተሯን ይዛ ወጣች። ያን ቀን ብረቱን አስቀመጥሁ፤ ግን መጥታ እስክታዋራኝ ብጠብቅ አላዋራችኝም።

በማግሥቱ ስትመለስ ጨርሼው ነበር። መጀመሪያ አንዲቷን ድንጋይ ሰጠሁት፤ ቀጥሎ የቀርከሃውን። ጥቂት ቆይቶ እንደ ንብ እምም ማለት ጀመረ፤ ከዚያ የሰው ድምፅ ወጣ። ስለ እህል ኮታ የሚናገር የአዲስ አበባ ድምፅ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚያሰለች ወሬ ነው፤ እኔን እንባ መጣኝ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። ቀስ ብላ ቀረበችና «ልንካው?» አለችኝ።

«ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«እሱ አያስነካኝም ነበር።» መዘውሩን ያዘችና አዞረችው። ጩኸት፣ ፉጨት፣ የባዕድ ቋንቋ አለፈና ከሱዳን በኩል የሚመጣ ዘፈን ላይ ቆመች። ቁጭ ብላ እስኪያልቅ ሰማች፤ ፈገግ ብላለች። ቅር አለኝ ብል ሰው ይስቅብኛል፤ ግን ያን ፈገግታ እኔ አምጥቼው አላውቅም ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ገበያ ቀን የሞጣው ሰው ቤታችን መጣ። ለንግድ ቢቸና ወርዶ ሬዲዮው መናገሩን ሰምቶ ነው። እሷን «እንደምን ነሽ?» አላት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው። ሁለቱም እንደ ማንኛውም ሰው። ተቀመጠና ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወደ ሬዲዮው አዘነበለ። እኔ እሱን ትቼ እሷን አየሁ። ቁርስ ይዛ ቆማ እሱ ሬዲዮውን ሲሰማ ታየዋለች፤ አጠገቡ መሆኗን የረሳ ሰው ፊት ቆማ። አንድም ጊዜ ቀና አላለም። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ያረጀ ነው፤ ግን አልሞተም። ወይ አልሞተም መሰለኝ።

ሲሄድ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «ነፍስ ዘራህባት። ተባረክ» አለኝ።

ከሸኘነው በኋላ «ይህን ያህል ከወደደው ብንሰጠውስ?» አልኋት። እሺ እንድትል እየለመንሁ ነበር።

«አይሆንም!» አለች። ጥያቄዬ እንኳ ከአፌ አላለቀም።

«ለምን?»

«የእኔ ነው።» ሰሃኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ድንጋዮቹ ብዙ አልቆዩም። ሌላ ለቅሜ ጥቂት ጊዜ አናገርሁት፤ ኋላ አንዱ አምፖል ተቃጠለ፤ በዚያው ቀረ። ልጆች ወለድን፤ እሷ ደብረ ማርቆስ ተዛወረች፤ እኔም ሱቄን ይዤ ተከተልኋት። በመኪናው ላይ ሬዲዮውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የተጓዝሁት እኔ ነኝ፤ እንዳይሰበርባት።

ደርግ ሊወድቅ ገደማ የሞጣው ሰው መሞቱን ሰማን። «ልቅሶ ልድረስ» አለችኝ። «አብረን እንሄዳለን» አልሁ። ልቅሶው ቤት እንደደረስን እሷ ወደ ሴቶቹ ገባች፤ እኔ ከወንዶቹ ጋር ዳሱ ሥር ተቀመጥሁ። ወዲያው የሴቶቹ ዋይታ ከፍ አለ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ስለ ሟቹ ደግነት ያወሩኛል፤ እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ከዚያ ሁሉ ዋይታ ውስጥ የእሷን ድምፅ እፈልግ ነበር። ከሌሎቹ ይበልጣል ወይስ እኩል ነው? ለመለየት ብዙ ሞከርሁ።

ወደ ማርቆስ ስንመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ደግ ሰው ነበር» አለችኝ።

«ደግ ነበር» አልኋት። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራትቶ ነበርና መለስ አደረግሁላት።