ሦስተኛው መኪና ከአስር ሰዓት በፊት

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱን በዘጋው ሰሞን ቡራዩ ቤታችን ውስጥ ተቆልፌ ነበር ማለት ይቻላል። አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ዓመት አልፎኛል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ በስንት ልመና ተቀብሎኝ፣ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን መንገድ የለም። ቢሮው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካለፈኝ ሌላ ዓመት እዚያው ግቢ፣ እዚያው የልብስ ሳፋ ፊት።

ጠዋት መንገዱ ትንሽ ተከፈተ ተባለ። አባቴ በሩ ላይ ቆመ።

«አስፋልት ላይ ተገትረሽ ልትውዪ ነው? መኪና መምጣቱን በምን አውቀሽ?»

ወንድሜ የስታትስቲክስ ተማሪ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ካልኩሌተሩን ይዞ ቤት ገብቷል። «ይሰላል እኮ!» ብሎ ተነሳ።

ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት በአጥሩ ቀዳዳ ቆጠርን። ከሆለታ በኩል ሦስት ሚኒባስ አለፈ፤ በሰዓት አንድ። ሞልተው ስለሚመጡ እያንዳንዱ ፌርማታው ላይ አንድ ሰው ብቻ ያነሳል። እዚያ አንድ ሽማግሌና አንዲት ነርስ ቆመዋል። የኔ ሦስተኛው ነው፤ ቢሮው ሳይዘጋ ለመድረስ ደግሞ ከአስር በፊት መሳፈር አለብኝ።

«ይሄ ስሌት ያልተሟላ ጋማ ፈንክሽን ይባላል» አለኝ ወንድሜ። «ሙሉው እስከ ዘላለም ይደምራል። ያልተሟላው መሃል ላይ ይቆማል። ያንቺ አስር ሰዓት ላይ።»

«ስሙ ራሱ እኔን ይመስላል» አልኩት።

የክረምት ዝናብ ምን ያህል እንደሚሆን ለመገመትም፣ ማሽን እስኪበላሽ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ለማወቅም በዚሁ ነው አለ። በነዚያ ሁለቱ የሚገባው ቁጥር ሙሉ ስለማይሆን፣ ካልኩሌተሩ ላይ ያለው መልስ መለወጡን እስኪያቆም እየደመሩ መሄድ ነው። የኔ ሦስት፣ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ሦስት ቁራጭ መደመር ይበቃል፤ ምንም ላይመጣ፣ አንድ ብቻ ሊመጣ፣ ሁለት ብቻ ሊመጣ። ከስድስት እስከ አስር ባለው አራት ሰዓት ውስጥ አራት መኪና ይጠበቃል።

«አንድ። አራት። አራት ሲባዛ በአራት፣ ለሁለት ሲካፈል፣ ስምንት። ድምሩ አስራ ሦስት።» አንዱን ቁልፍ ተጭኖ በኢ ፓወር ኔጋቲቭ አራት አባዛው። ዜሮ ነጥብ ሃያ አራት ገደማ ወጣ፤ ያ ሦስተኛው ያለመምጣቱ ዕድል ነው።

«ከመቶ ሰባ ስድስት ይመጣል» አለው ለአባቴ።

«ሃያ አራቱስ?»

«አባዬ፣ ቤት ብቀመጥ መቶውም አይመጣም!» ብዬ አልፌው ወጣሁ። ወንድሜ ተከተለኝ።

ሽማግሌው ሰባት ሰዓት ላይ ተሳፈሩ፤ «ኦቦ፣ ናጋቲ» ብለን በኦሮምኛ ተሰናብተን ሸኘናቸው። ነርሷ ስምንት ሊሆን ሲል ሄደች። ስምንት ተኩል ላይ ሦስተኛው መጣ፤ ተሳፈርኩ። ወንድሜ ካልኩሌተሩን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገ።

ቡራዩን ሳንጨርስ ከፊት የሚመጣ አይሱዙ መብራቱን ሁለቴ ብልጭ አደረገ። ሹፌሮች መንገድ ሲዘጋ የሚነጋገሩት እንደዚያ ነው። ሹፌራችን ወደ መጣንበት ዞረ።

«አውርደኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ!»

«እህቴ፣ ድንጋይ እየዘነበ ነው። ቁጭ በይ።»

ከተነሳሁበት ፌርማታ አወረደኝ። ወንድሜ እዚያው ነበር።

«መጣ እኮ» አለኝ፣ ግራ ገብቶት።

«መጣ። አንተ መምጣቱን ነው ያሰላኸው። ማለፉን ማን አሰላው?»

ካልኩሌተሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አስር ሰዓት እስኪያልፍ ቆምን፤ ሌላ መኪና አልመጣም።

አባቴ በሩን ከፈተልን። እኔን አይቶ ወደ ጎን ገለል አለ። ጠዋት የዘፈዘፍኩት ልብስ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ነበር። እጅጌዬን ሰበሰብኩ።