ሦስት ረቡዕ

ወረርሽኙ ወደ ሠፈሩ ሲገባ ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባቱን ሰኞ፣ እናቱን ሐሙስ ወሰደበት። እሱንም ትኩሳቱ ሲጥለው ዘመዶቹ ከሌሎች በሽተኞች ጋር ባዶ መጋዘን ውስጥ አስተኙት። ክፉዎች ሆነው አልነበረም፤ ፍርሃት ዘመድ አያውቅም። ምግቡን በረጅም እንጨት ገፍተው ያቀርቡለታል፤ ከደጅ ሆነው "አለህ?" ይሉታል። "አለሁ" ሲል ይሄዳሉ። አርባ ቀን ሙሉ የሰው እጅ አልነካውም።

በአርባ አንደኛው ቀን የቤተ ክርስቲያን ደጅ የምትጠርግ አንዲት አሮጊት ገባች። ማንም አልላካትም። ገለባው ላይ ቁጭ ብላ ራሱን ጭኗ ላይ አስደገፈችው። እጇን እፍ እፍ ብላ ካሞቀች በኋላ ግንባሩን ዳሰሰችው፤ ቅማል የወረረውን ጸጉሩንም በመቀስ ከረከመችለት። ልጁ አለቀሰ።

"አመመህ እንዴ የኔ ጌታ?" አለችው።

አላመመውም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሞተ መስሎት ነበር።

ያ ልጅ ድኖ፣ አድጎ፣ ጸጉር አስተካካይ ሆነ። እጁ ከመቅለሉ የተነሣ ሠፈሩ "ላባ" አለው፤ ላባ ሆኖ ቀረ። ሱቁ ውስጥ ያለው አንድ ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስተዋትና ምድጃ ላይ የሚንተከተክ ማንቆርቆሪያ ነው። ሰው ከመንካቱ በፊት መዳፉን በማንቆርቆሪያው እንፋሎት ያሞቃል። "ቀዝቃዛ እጅ ሰው ያስደነግጣል" ይላል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ይዘጋና ቤተ ክርስቲያን ወደምታስተዳድረው፣ ጠያቂ የሌላቸው ድሆች ታመው ወደሚተኙበት ቤት ይሄዳል። እዚያ ጺም ይላጫል፣ ጸጉር ይቆርጣል፣ የከረመ ጥፍር ያስተካክላል። ጌታ ለምጻሙን በቃል ብቻ ማዳን ሲችል እጁን ዘርግቶ መንካቱ ከልቡ ወጥቶ አያውቅም። መስበክ አይችልበትም፤ የሚችለው መላጨት ነው።

ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ሱቁ ደረሰ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ "ላባ፣ ትናንት የእነዚያን ጺም ስትላጭ ውለህ ከሆነ፣ እኔን ከሩቅ በዓይንህ ላጨኝ" ይለዋል።

"በዓይኔማ አልሞክርህም፤ ፊትህ ኮረኮንች ነው፣ ዓይኔ ይጎዳል።"

ይሳሳቃሉ። ልብስ ሰፊው ግን ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። ሌሎቹም በሽታ ያጋባብናል ብለው አንድ በአንድ ቀሩ። ላባ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ቤቱ ዝም ብሎ ነበር፤ አሁን ሱቁም ዝም አለ።

በሕመምተኞቹ ቤት የሚጠብቀው አንድ ሰው ነበር፤ የቀድሞ የአውቶቡስ ሹፌር፣ መስኮቱ አጠገብ የሚተኛ። ላባ ገና ከበር ሲገባ ይጮህበታል፦

"ዘገየህ አንተ ሰውዬ! ጺሜ ትራሱን ቀደደው!"

"ፍሬን ያዝና ዝም በል፤ እንዳልቆርጥህ።"

"የኔ ፍሬን ድሮ ተበጥሷል። ቁልቁለት ላይ ነኝ፣ አንተ ብቻ መሪውን ያዝልኝ።"

ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ለላባ መዳፍ ይሰጣል።

በዚያው ዓመት የላባ አንድያ ልጅ ሴት ልጅ ወለደች። ላባ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሊያቅፍ ሲሄድ ልጁ ከበሩ አላሳለፈችውም።

"አባዬ፣ አትቀየመኝ። እዚያ ቤት መሄድ እስክትተው ልጄን አትንካብኝ።"

"የዚያ ቤት ነርስ እኮ እጄን በደንብ ከታጠብኩ ምንም የለውም ብላኛለች።"

"ነርሷ የራሷን ልጅ ትስጥህ!" አለችና ወዲያው እንባዋ መጣ። "ጨቅላ ናት አባዬ። እፈራለሁ።"

ፍርሃትን ከመጋዘኑ ጀምሮ ያውቀዋል። አልተከራከራትም። የሚያቅፈው ሰው ካጣም ቆይቷል። "እሺ፣ ትቻለሁ" አላት።

የመጀመሪያው ረቡዕ ሕፃኗን አቅፎ ዋለ። በሁለተኛው ረቡዕ ደረቱ ላይ ተኛችለት። በሦስተኛው ነቃ ብላ አገጩን በትንንሽ ጣቶቿ ያዘች፤ ያላጨውን ጺሙን ጎተተች። ሹፌሩ ትዝ አለው። የእሱን ጺም ይሄን ጊዜ ማን ላጭቶለት ይሆን? ሕፃኗን ለእናቷ አቀበለና ወደ ሕመምተኞቹ ቤት ሄደ።

መስኮቱ አጠገብ ያለው ፍራሽ ተጠቅልሏል።

"ዛሬ ጠዋት ነው ያረፈው" አለችው ነርሷ። "ሌላ ሰው እንዲላጨው ብንለምነው እምቢ አለ። 'ላባ ይመጣል' ብሎ በሩን ሲያይ ከረመ።"

"ለምን አላስጠራችሁኝም?"

"ባለፈው ረቡዕ ዘበኛውን ልከን ነበር አባባ። ሱቅዎ ዝግ ነው ብሎ ተመለሰ።"

አስከሬኑ በጓዳ በኩል ባለች ጠባብ ክፍል ተጋድሟል። ጺሙ ጉንጩን ሸፍኖታል። ላባ ሙቅ ውኃ ለምኖ፣ መዳፉን እንፋሎቱ ላይ አሞቀ። ለማን እንደሚያሞቅ ያውቃል፤ ቢሆንም አሞቀው። "ዘገየሁ" አለው። ቀስ ብሎ ላጨው፤ አንድም ቦታ አልቆረጠውም።

በማግስቱ የልጁ በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

"ረቡዕ ረቡዕ ወደዚያው መመለሴ ነው። ልጅቷን ከዚህ ሆኜ አያታለሁ።"

"አባዬ፣ እኔ ጨካኝ ሆኜ ነው?"

"አይደለሽም። እናት ነሽ።"

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ በር ላይ ይቆማል። ልጅቷም ከፍ ካለች ወዲህ ከበረንዳው እጇን ታወዛውዝለታለች፤ እሱም ያወዛውዛል። ከዚያ የወንበሩን አቧራ ሊጠርግ ወደ ሱቁ ይመለሳል።

እርጅና ሲጫነው፣ ልብስ ሰፊው አንድ ቀን በሩ ላይ ተደግፎ "ለመሆኑ ላባ፣ ያ ሁሉ ድካም ምን ጠቀመህ? ይኸው ብቻህን ቀረህ" አለው። ላባ መዳፉን ማንቆርቆሪያው ላይ እንዳደረገ መለሰለት፦

"ብቻዬን መሆኔንማ ማን ከኔ በላይ ያውቀዋል? ያቺን አሮጊት ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም፤ መልኳም ጠፍቶብኛል። እጇ ሞቃት እንደነበረ ግን ዛሬም አልረሳሁም። ለኔ ዋናው እሱ ነው፤ ሰው በሕይወት ሳለ ደርሶ መንካት። ፈጣሪ የላጨሁትን ሁሉ ባይቆጥርልኝ አይከፋኝም። ስለዚያ ሦስት ረቡዕ ቢጠይቀኝ ግን የምመልሰው የለኝም። ና እስቲ አሁን ተቀመጥ፤ እጄ ሞቋል።"