የጣራው ቀዳዳ

ደብረ ማርቆስ ላይ በበጋ ጭሳችንን ነፋስ ይወስደዋል። ክረምት ሲገባ ግን ማገዶው ይረጥባል፣ ደመናው ዝቅ ይላል፣ ጭሱም ከተማው ላይ ተኝቶ ይከርማል። በጣሊያን ጊዜ በአንዱ ክረምት የመጀመሪያ ልጄ ስታስል ሰንብታ ሞተችብኝ። በዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ታናሽዋም ማሳል ጀመረች። ከጉልላቱ ሥር ጣራውን ቀደድሁት።

የጎረቤቱ ጭስ በሣር ክዳኑ ውስጥ ሲሰርግ የእኔ ብቻ ቀጥ ብሎ ወጣ። ወዲያው አንድ የጣሊያን ሹም ከአስተርጓሚው ጋር መጣ።

«ለሽፍታ ነው ምልክት የምትሰጠው?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ለልጄ ነው፣ ጌታዬ። ጭሱ እንዳይገድላት።»

«ጭስ ደግሞ ማንን ገድሎ ያውቃል? ድፈነው ብለዋል።»

ደፈንሁት። ሹሙ እውነቱን ሊያጣራ እሳቱ ዳር ተቀመጠ። ብዙም አልቆየ፤ ዓይኑን እያሸ፣ እየሳለ፣ ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ።

በማግስቱ ሁለት ወታደሮች ገመድና መሰላል ይዘው መጥተው ወሰዱኝ። ሚስቴ ገመዱን አይታ እሪ አለች። እኔም የነፍስ አባቴን ጥሩልኝ አልሁ።

ካምፑ ስንደርስ ሹሙ የወጥ ቤቱን ጣራ በጣቱ አሳየኝ።

«ውጣና ቅደደው ብለዋል» አለኝ አስተርጓሚው።

«የእኔስ ቤት?»

«መጀመሪያ የእሳቸውን፤ ከዚያ ከፈለግህ ከተማውን ሁሉ ቅደድ።»