አቤቱ ማርን

ካህን ነኝ፤ የጸሎት መጻሕፍትም እጽፋለሁ። ቡሬ ተመድቤ ስመጣ አንድ ሻንጣና ብዙ የጸሐፊነት ትዕቢት ይዤ ነበር። ምእመናኔ ከሌላ አገር ተቀይረው የመጡ፣ በጣት የሚቆጠሩ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ጎረቤቴ ደግሞ የኦርቶዶክስ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። በተዋወቅን ሰሞን፣ "እናንተ ካቶሊኮች ትምህርቱንስ ትችሉበታላችሁ፤ ቅኔው ላይ ግን፣ እንዲያው..." ብለው ዝም አሉ።

ያቺ ዝምታ አንገበገበችኝ። ቅኔ ያማረለት ሰው "ይበል!" ይባላል፤ የሚቀጥለውን መጽሐፌን አንብበው "ይበል" ካላሉኝ ብዕሬን እሰቅላለሁ ብዬ ለራሴ ፎከርሁ።

ስለየዕለቱ ኃጢአታችን አዲስ ምህላ ጻፍሁ። መሪው አንዱን ኃጢአት ሲጠራ ሕዝቡ "አቤቱ ማረን" ይላል። ረቂቁን ፍኖተ ሰላም ወስጄ ኮምፒውተር ቤት ለምትሠራው ልጅ ሰጠኋት። የእጅ ጽሑፌ ነገር ይቅር፤ የእኔ "ረ" ከ"ር" አትለይም። የማረሚያውን ቅጂ ስመለስ አውቶቡስ ላይ አየሁት። አየሁት ማለቴ፣ የራሴን ዓረፍተ ነገር እያደነቅሁ የሕዝቡን መልስ ዘለልሁት። ሁሌ ያው ቃል፣ ምኑ ይነበባል?

ታተመ። አንዱን ቅጂ በሁለት እጄ ለየኔታ ሰጠሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሂሳብ መምህሩ ምህላውን መራ።

"ስለ ሰፈር ወሬያችን!"

"አቤቱ ማርን!"

ጆሮዬን ተጠራጠርሁ።

"ስብሰባ ላይ ስለ ማንቀላፋታችን!"

"አቤቱ ማርን!"

የመንግሥት ሠራተኛ መቼም የተጻፈውን ነው የሚያነበው። መጽሐፉን ብገልጠው ከዳር እስከ ዳር ማር ብቻ ነው! ከምእመናኑ አንዷ ነርስ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ በሳቅ ትንፈራፈራለች። እኔም ፊቴን ወደ መንበሩ አዙሬ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። ያለቀስሁ መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

በዚህ መሀል የኔታ ትዝ አሉኝ፤ ሳቄ ደረቀ። ቅጂው እሳቸው ጋ ነው! ጸሎቱ እንዳበቃ ላስመልሰው ስሮጥ በር ላይ ተገጣጠምን። በአንድ እጃቸው መጽሐፌን፣ በሌላው አፉ በጨርቅ የታሰረ ማሰሮ ይዘዋል።

"አባ፣ ጨረስሁት" አሉ። "እኛ ሰምና ወርቅ ስንል ዕድሜያችንን ፈጀን። ሰሙን ከነማሩ ያመጣ ግን እርስዎ ነዎት።"

ልቤ ዘለለች። ዝም ብል ባለቅኔ ነኝ! "ይበል"ም እየመጣች ነው። ምላሴ ግን ዝም አልል አለኝ።

"የኔታ፣ ቅኔ አይደለም፤ የፊደል ስሕተት ነው። ማረን ልል ነበር።"

"ታዲያ ይኼ የሚጠፋኝ መሰለዎ?" ብለው ሳቁ። "ይናገሩት እንደሁ ብዬ እንጂ። ይበል! በሉ ማሰሮውን ይያዙልኝ። የለመኑት ማር ይኸው፤ ምሕረቱ ግን ኸኔ አይደለም፣ አርመው ይለምኑ።"