ሃያኛው እርምጃ፦ ከፌርፋክስ እስከ ፊኒክስ

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ፌርፋክስ፣ ሎስ አንጀለስ

የአጎቴ ልጅ ናሆም አርብ ዕለት ፊኒክስ ውስጥ፣ በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ፣ በክለብ መልማዮች ፊት ሊፈተን ነበር። ፉትቦል ይጫወታል፤ በእጅ የሚያዘውን የአሜሪካኑን ማለቴ ነው። በየዓመቱ በጸደይ ትልልቆቹ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች በተራ ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይሉታል። ከዚያ በፊት ልጆቹ ይለካሉ፣ ይዘላሉ፣ አርባ ያርድ፣ ሠላሳ ሰባት ሜትር ገደማ፣ ይሮጣሉ። ናሆም በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ስለሆነ ወኪሉ «ኳስ ብቻ ቀልብ፣ አትሩጥ። ብትሮጥ ስምህ ከዚህ በላይ አይወጣም፤ ሊወርድ ግን ይችላል» ብሎታል። ይሩጥ ወይስ ይቅር? ከፌርፋክስ ስንነሳ ገና አልተወሰነም ነበር።

እኔ የሄድኩት ሰዓት ያዥ ሆኜ ነው። ኢንግልዉድ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። ፉትቦልን የተማርኩት ብቻዬን፣ ቪዲዮ እያቆምኩና እያስኬድኩ ነው። ናሆም ቤተሰቡ ጋ በመጣ ቁጥር በሰፈራችን ሜዳ ሲሮጥ ሰዓት እይዛለሁ፣ በስልኬ እቀርጻለሁ፣ እርምጃውን ቆጥሬ በደብተሬ እጽፋለሁ። አርባውን ያርድ በአሥራ ዘጠኝ እርምጃ ይጨርሳል። ሰኞ ዕለት ግን ሃያ ሆነ። ቪዲዮውን ስድስት ጊዜ አየሁት። ከአሥራ ሁለተኛው እርምጃ በኋላ የግራ እግሩ እርምጃ እያጠረ ይሄዳል፤ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎድቷል ማለት ነው። ከእኔ ሌላ ያየ የለም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

ለምን? ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሃውቶርን አጠገብ፣ ለማንም ክፍት የሆነ ሙከራ ላይ እኔም ሮጬ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ሰዓት የያዘው ሰውዬ ስልክ ያወራ ነበር፤ አልተጫነውም። ስጨርስ «አመሰግናለሁ፣ ቀጣይ» አለ። ስለዚህ እኔ ቁጥር የለኝም። የናሆም ቁጥሮች ደብተር ሞልተዋል፤ የጻፍኳቸውም እኔ ነኝ።

ፌርፋክስ ላይ ከምግብ ቤቱ ፊት ሦስት መኪና ተደርድሯል። አጎቴ፣ የናሆም አባት ጋሼ ንጉሤ፣ ፈተናውን እንደ ምርቃት ደግሰውታል፤ አሥራ አንድ ሰው፣ የናሆም ፎቶ ያለበት ቢጫ ካናቴራ፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ በአሉሚኒየም ትሪ የተሸፈነ ጥብስ። የወኪሉ ምክር ሲነሳ የአጎቴ ጓደኛ፣ ታክሲ ነጂው ጋሽ ሽፈራው ሳቁ።

«ሠርግ ጠርተህ ሙሽራው ይቀራል ልትለን ነው ንጉሤ? እኔ ሁለት ቀን ሥራ ያቆምኩት ኳስ ሲቀልብ ለማየት አይደለም። ኳስማ የጎረቤቴ ውሻም ይቀልባል።»

«ይሮጣል፣ ይሮጣል» አሉ ጋሼ ንጉሤ። «ይሄን ሁሉ ሰው እንዴት አድርጎ ያሳፍራል?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ለማያውቁኝ ሰዎች አስተዋወቁኝ። «የናሆም ሰዓት ያዥ ነው።» ስሜን አልጠሩም።

ናሆም የአውሮፕላን ትኬቱን ትቶ እኔ መኪና ውስጥ ገባ። «ካንተ ጋር ብሄድ ይሻላል ብሮ። አንተ አታወራም» አለኝ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ኢንዲዮ

በአሥር ቁጥር ፍሪዌይ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። ፓልም ስፕሪንግስ ከመድረሳችን በፊት ነጫጭ የነፋስ ማመንጫዎች ኮረብታውን ሞልተውታል፤ ከየአራቱ አንዱ ቆሞ ነበር። ኢንዲዮ ላይ ቴምር ለመግዛት ወረድን፤ አንዱ ካርቶን አሥራ ሁለት ዶላር ነው። ሻጯ አሮጊት ናሆምን ሽቅብ አይታ «አንተ ልጅ፣ ምንድነው የምትጫወተው?» አለችው። እኔን «ፌስታል ልስጥህ?» አለችኝ። ፌስታሉን ተቀበልኩ።

ስድስት ሰዓት፣ ብላይዝ

ከዚያ በኋላ በረሃ ነው፤ መንገዱ ሳይታጠፍ ረጅም ርቀት ይሄዳል። ኮሎራዶ ወንዝ ሳንደርስ ብላይዝ ላይ ታኮ በላን፣ ሦስቱ በዘጠኝ ዶላር። ናሆም የራሱን ሳይነካ አየኝ።

«ትሩዙን፣ እውነቱን ንገረኝ። ልሩጥ?»

«ወኪልህ ምን አለ?»

«እሱማ ኖ ነው የሚለው። ባባ ደሞ ሰው ጠርቷል። ቲሸርት አሠርተዋል፣ ሶ... እንዴት ቁጭ እላለሁ? ያሳፍራል።» ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ይሉኝታውን ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «አንተ ግን ቁጥሩን ታውቃለህ። አንተ ሩጥ ካልከኝ እሮጣለሁ።»

ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የሰኞው ገጽ ላይ «20» ተብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ሩጥ» አልኩት።

ታኮው ጥሩ ነበር። ይህንንም የምጽፈው፣ ያን ካልኩ በኋላ የቀረኝን አንድም ሳላስተርፍ ስለበላሁ ነው። የወንዙን ድልድይ ስንሻገር ናሆም ግራ እጁን ከግራ ጭኑ ሥር ከተተ፤ ፊኒክስ እስክንደርስ አላወጣውም። ያምሃል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

አርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሜዳው

መልማዮቹ በመጨረሻው መስመር ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ ሁሉም ሰዓት ይዘዋል። መጀመሪያ የሮጠው ከትንሽ ኮሌጅ የመጣ ልጅ ነበር፤ ስሙን ከወረቀታቸው ላይ ፈልገው ነው ያገኙት። ሲነሳ የመልማዮቹ አውራ ጣቶች ሁሉ ሰዓታቸው ላይ አንድ ላይ ወረዱ። ሲጨርስ በጉልበቱ ወድቆ ቀና ብሎ አያቸው። ሁሉም ይጽፉ ነበር። አንዳቸውም ስልክ አላነሱም።

በዚያ ልጅ የቀናሁትን ያህል በናሆም እንኳ ቀንቼ አላውቅም። ግን ፈተናው ለማን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ማንም ላላየው ሰው ነው። እሱ የሚያጣው የለም፤ መሮጥ አለበት፣ በአንድ እግሩም ቢሆን። ናሆምን ሦስት ዓመት ሲጫወት አይተውታል። ዛሬ ከሮጠ ሊያጣ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ከሎስ አንጀለስ ድረስ የነዳሁት ሲያጣ ለማየት ነበር።

ናሆም ጃኬቱን ሊያስይዘኝ ወደ አጥሩ መጣ። መኪና ውስጥ ትቼው የነበረውን ሰዓቴን ጃኬቱ ላይ አኖረልኝ። «እነሱ እንደፈለጉ ይያዙ። እኔ ያንተን ነው የማምነው» አለ።

«ሃያ ነው» አልኩት።

«ምኑ?»

«እርምጃህ። ግራህ ያጥራል። አትሩጥ።»

እጁ ወደ ጭኑ ሄደ፣ መልሶ አነሳው። «ፊል አድርጌዋለሁ፤ ጭንቅላቴ የፈጠረው ነው ብዬ ነበር። መቼ ነው ያየኸው?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ?» ብሎ አየኝ። ከፊቴ ላይ ያነበበውን ሁሉ እኔ ልነግረው አልችልም ነበር። ከዚያ ድምፁን ቀንሶ «ለማንም አትናገር። ለባባም። ዛሬ እነዚህ ሰዎች መስማት የለባቸውም» አለኝና ሄደ። ለአሠልጣኙ ኳስ ብቻ እንደሚቀልብ ነገረው፤ የተወረወረለትንም ሁሉ ቀለበ።

ቢጫ ካናቴራ የለበሱት ሰዎች ያዩት ግን ይህን ነው፦ ልጃቸው ሊሮጥ ሲል ሰዓት ያዡ አጥሩ ጋ አንድ ነገር አለው፣ ልጁም ቀረ። ድፎ ዳቦው አንዱ ሳይቆረስ ተጠቀለለ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፌርፋክስ

ናሆም እዚያው ቀረ። አሪዞና ውስጥ ቤንዚን ጋሎኑን በሦስት ዶላር ከሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲም ቀድቼ ብቻዬን ተመለስኩ። ምግብ ቤቱ በር ላይ ትሪዎቹን ሲያወርዱ ደረስኩና ላግዛቸው አንዱን አነሳሁ።

«ምን ብለህ ነው ያስቀረኸው?» አሉኝ ጋሽ ሽፈራው።

«ምንም።»

«ቁጥሩን ካንተ ሌላ ሰው እንዳያውቀው ነው? ምቀኛ ነህ» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ የመንገድ አቅጣጫ እንደሚያሳይ ሰው።

ጋሼ ንጉሤ ያዩኝ ነበር፤ የሆነ መልስ እንድሰጥ ፈልገዋል። ደብተሬን ብከፍት በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ትሪውን አስገብቼ ወጣሁ።

እግሩ በአራት ሳምንት ዳነ። ከድራፍቱ በፊት ለክለቦቹ ሐኪሞች ራሱ ነገራቸው፤ ከሦስቱ የድራፍት ቀናት በሁለተኛው ተመረጠ። አሁን ጻፈው ብሎኛል። ስንደዋወል ግን አንዳንዴ መሃል ላይ «ሰኞ?» ይለኛል።

ከጉዞው የተማርኩትን ቢጠይቁኝ፣ የታየ ሰው አይሩጥ፣ ያልታየ ይሩጥ እላለሁ። ስለ ራሴም አንድ ነገር ማረም አለብኝ። ጋሽ ሽፈራው እስከ ዛሬ ፌርፋክስ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። ያሉኝን ነበርኩ። የሳቱት ቀኑን ብቻ ነው፤ አርብ ሳይሆን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ነበር።